ኖ ሪሲት እና ሦስታችን

የካቲት 2፣ 2007፣ ሰኞ

መብራት ጠዋት ሄዶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ወንድሜ ሀቢቡ ለሠርግ ሞንታርቦ ይዞ ጎረቤት ከተማ ቆሼ ሄዷል፤ ሱቁን ብቻዬን ዋልኩበት። ሞባይል፣ ቻርጀር፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈን መጫን... ባብዛኛው ነሺዳና የጉራግኛ ጭፈራ ነው የጫንኩት። አንድ ሽማግሌ "የድሮውን ብቻ፣ አዲሱን እንዳትደባልቂብኝ" ብለው እስኪያልቅ ከጎኔ ቆመው ጠበቁኝ። አላመኑኝም።

አስር ሰዓት አለፍ ሲል አምሀ ከትምህርት ቤት መጣ፣ እጅጌው ላይ ጠመኔ። ትንሽ ቆይቶ ሙዝደሊፋ፣ የአክስቴ ልጅ፣ ባጃጁን በር ላይ አቆመ። ከዚያ ያው ጭቅጭቅ። የኖ ሪሲት የመጀመሪያው አልበም ይበልጣል ወይስ ሁለተኛው?

ሰው ቢሰማን ምን ይላል? ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ አንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ አንድ ባጃጅ ነጂና አንዲት ሂጃብ የለበሰች ባለሱቅ ስለ አሜሪካ ሃርድኮር ፓንክ ሲጣሉ... እኛ ብንሞት እዚህ ከተማ ይህን ባንድ የሚያውቅ ሰው አይተርፍም።

አምሀ መጀመሪያ በፍላሽ ሲያመጣው ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ እንደገና ኮፒ አደረግሁት። ከበሮው ይሮጣል፣ ጊታሩ እንደ ወፍጮ ያጓራል፣ ሰውየው ቤቱ እየተቃጠለበት እንዳለ ሰው ይጮሃል። ገና ጆሮዬን ስሰጥ አለቀ።

"ምን አለ?" አልኩት።

ተረጎመልኝ። አልጠጣም። አላጨስም። ፖሊስ ሲያይ አንገቴን አልደፋም። ለኖርኩት ሕይወት ለማንም ደረሰኝ አልቆርጥም። የባንዱ ስምም ከዚሁ ነው፣ ያለ ደረሰኝ። የነጋዴ ልጅ ነኝ... ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

በኋላ ግን አሰብኩበት። እኛ ቤት ማንም አይጠጣም። ለኛ ይህ ጩኸት የማይፈልግ ነገር ነው፤ ዝም ብለው የሚኖሩት። እዚያ ላለመጠጣት እንዲህ መጮህ ካስፈለገ ያ ልጅ ብቻውን ነበር ማለት ነው። ወደድኩት።

የካቲት 6፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሙዝደሊፋ ጉንጩን በጫት ወጥሮ ስለ ንጽህና ሲያስተምረን ዋለ።

"ኖ ሪሲት ማለት ራስህን ለምንም አለማስገዛት ነው። ሱስ የሚባል ነገር የለም!"

አምሀ ጉንጩን እያየ፣ "አንተ ሰውዬ፣ አፍህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?"

"ቅጠል ነዋ።"

"ትምባሆም ቅጠል ነው።"

"አቦ ተወኝ! ፓንኮቹ ጫት አያውቁም። ያላወቁትን ደግሞ አልከለከሉም።"

ፍርድ ስጪ አሉኝ። "ያላወቁትን አልፈቀዱም" አልኩ። ሙዝደሊፋ እያጉረመረመ ወጥቶ ተፋው። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ጎረሰ። አምሀ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ኡሚ ከጓዳ ሰምታ "እነዚህ ልጆች ምን ነካቸው?" አለች። ምንም አልነካንም እማዬ። ደህና ነን።

የካቲት 22፣ እሁድ

አምሀ ሰላም ሳይለን ስልኩን አውጥቶ "አንድ ነገር ላሳያችሁ" አለ። የኖ ሪሲት ዘፋኝ። አሁን ሃምሳ አምስት ሞልቶታል፣ ጺሙ ነጭቷል። የሆነ የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ ቀርቦ ያወራል።

አምሀ እየተረጎመ ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። "ልጅ ሆኜ ፖሊስ ላይ መጮኼ ስህተት ነበር፤ ፖሊስ የፈለገውን ያድርግ..." ከዚያ አምሀ መተርጎሙን ተወ። ሰውየው ግን አላቆመም። "ሙስሊም" ለሚለው ቃል አስተርጓሚ አያስፈልገኝም። በሩን ዝጉባቸው ነው የሚለው። እንዳይገቡ። አንዳቸውም።

ሙዝደሊፋ ብድግ አለ። "አጥፊው። ከኮምፒውተሩ ላይ ሁሉንም አጥፊው።"

"ቆይ እስኪ" አለ አምሀ። "ዘፈኑ የሱ ብቻ ነው? አራት ነበሩ። ከበሮ መቺዋ ዛሬ ነርስ ሆና ሰው ታስታምማለች። እሷ ምን አጠፋች?"

"ቃሉን ያወጣው እሱ ነው።"

"ሲያወጣው ሃያ ዓመቱ ነበር። ሽማግሌው የወጣቱን ዘፈን መልሶ ሊወስድብን አይችልም።"

"እውነት ቢሆን ኖሮ ይኖረው ነበር!"

አምሀ ክርክር ያውቃል፣ ሁልጊዜም ደስ ይለኛል። ዛሬ ግን... ለሱ በሩ አልተዘጋበትም። አባቱ ከጎጃም ለሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ ልጃቸው የእሁድ ልብሱን ለብሶ በሩ በእኔ ላይ ስለመዘጋቱ ይከራከራል።

"አምሀ፣ አንተን አይደለም ያለው" አልኩት።

ጭቅጭቁ በአንዴ ቆመ። "ልክ ነሽ" አለ።

አላጠፋሁትም። ሌላ ፎልደር ውስጥ ከተትኩት። ለምን? እንጃ።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

የባንዱ አድናቂዎች የሚጽፉበት ገጽ አለ። ሁሉም እዚያ እየተናከሰ ነው። ልክ እኛን... ግማሹ "ድሮም እንዲህ ነበር፣ እናንተ ናችሁ ያልሰማችሁት" ይላል። ግማሹ ቲሸርቱን አቃጥሎ ፎቶ ለጥፏል። አንዱ ደግሞ "ዘፈን ነው፣ ፖለቲካ አታምጡ።" ይህኛው ምን ሲሰማ ነው የኖረው?

እኔም ጻፍኩ። አምሀ እንግሊዝኛውን አቃናልኝ። ከቡታጅራ ነኝ፣ ሙስሊም ነኝ፣ ይህን ዘፈን እወደው ነበር፣ አሁን ምን ላድርገው? ብዬ። ሁለት ሰዎች ሰደቡኝ። አንዲት ሴት "ከበሮውን ስሚ፣ ሰውየውን ተይው" አለች። ሌላው "ቡታጅራ የት ነው?" ብሎ ብቻ ጠየቀ።

ሙዝደሊፋ ለዚህኛው መልሱልኝ ብሎ ሙጭጭ አለ። "ከቻልክ ድረስበት በይው!"

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ



ሀቢቡን ስላመመው ሞንታርቦውን እኔ ይዤ አዳራሽ ሄድኩ። የመምህራን ስብሰባ፣ የምርጫ ነገር። የኔ ሥራ ማይኩ እንዳይጮህ መጠበቅ ነው። ንግግር፣ ጭብጨባ፣ ንግግር። እንቅልፌ ሊመጣ ሲል መድረክ መሪው "የአቋም መግለጫውን የሚያነቡልን አዲሱ የፓርቲያችን አባል፣ መምህር አምሀ" አለ።

ሌላ አምሀ ነው ብዬ አሰብኩ። ወላሂ።

ወጣ። ያው ሸሚዙ። ወረቀቱን ዘረጋ፣ ቀና ሲል አየኝ። ማንበብ ጀመረ፣ ግን ከማይኩ ርቆ ስለቆመ አልተሰማም። ከኋላ "አይሰማም!" አሉ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ተነሥቼ ሄጄ ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋሁለት። ሥራዬ ነው። ላብ ላብ ይል ነበር። ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሣም።

"እኛ መምህራን..." አለ። ጥሩ ድምፅ አለው። በየነጥቡ አጨበጨቡ። እኔ ቦታዬ ተመልሼ እጄ ኬብሉ ላይ... መንቀል ይቻል ነበር? ብነቅለውስ? "መብራት ሄደ" ይሉ ነበር።

ሲያልቅ ከሰው ጋር ተጋፍቶ ወጣ። ሰላም አላለኝም። እኔም አልጠራሁትም።

መጋቢት 22፣ ማክሰኞ

ለሙዝደሊፋ አልነገርኩትም። ባጃጁ ውስጥ የተሳፈሩ አስተማሪዎች ሲያወሩ ሰማ። ከተማው ትንሽ ነው።

ዛሬ አምሀ ራሱ መጣ። ይህን ማለት አለብኝ፣ ራሱ መጣ። ሙዝደሊፋ ገና ከበሩ "ቲቸር፣ በስንት ተሸጥክ?" አለው።

አልተቆጣም። "በሚስቴ ዝውውር" አለ። "ሰገነት ቆሼ ታስተምራለች። ልጄ ቁጭ ማለት መጀመሩን በስልክ ነው የሰማሁት። ሁለት ዓመት አመለከትን፣ ቦታ የለም ተባልን። አባል ሆንኩ፣ ቦታ ተገኘ።"

"ሌላውም ሚስት አለው።"

"ሌላውም አባል ሆኗል።"

"ታዲያ ያ ሁሉ ጩኸት? ያ ሁሉ አንገቴን አልደፋም?"

"እኔ ዘፋኝ አይደለሁም። በሩን ዝጉባቸው አላልኩም። ወረቀት አነበብኩ።"

"በማይክ!"

ከዚያ አምሀ ወደኔ ዞረ። ምን ልበል? "ለምን አልነገርከንም?" አልኩ።

"ብነግራችሁ ትከለክሉኝ ነበር። ብትከለክሉኝ እተወው ነበር።"

ይህን ብሎ ሄደ። ሙዝደሊፋ "አየሽ? ለሽማግሌው የተከራከረው ለራሱ ነው" አለ። ነው እንዴ? ያን ቀን አባል ሆኖ ነበር? አልጠየቅሁትም። መጠየቅም ፈራሁ። እስከ ዛሬ ሰው ተሸጠ ስንል ሁልጊዜ ሩቅ አገር ነበር...

ሚያዝያ 2፣ ዓርብ

ስቅለት። አምሀ ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ሙዝደሊፋ መጥቶ፣ ባዶውን ወንበር አይቶ፣ ሥራ አለኝ ብሎ ሄደ።

ግንቦት 3፣ ሰኞ

የባጃጅ ማህበሩ ሰብሳቢ ደበሌ የዚያኑ ፓርቲ የምርጫ ፖስተር አደለ። ሁሉም ከኋላ ለጠፈ። ሙዝደሊፋ አልለጠፈም። "ባጃጄ ግድግዳ አይደለም" አለው አሉ። ታፔላውን ነጠቁት። ያለ ታፔላ መስመር ላይ መሥራት የለም። ባጃጁ ግቢያቸው ቆሞ ዶሮ ይሰፍርበታል።

ኡሚ ቤታችን ጠርታ ለመነችው። "አንተ ልጅ፣ ወረቀት ነው። ለጥፈህ እንጀራህን ብላ።"

"አክስቴ፣ ወረቀት ነው ያለው ሌላም ሰው ነበር" አላት። እሷ አልገባትም። እኔ ገባኝ።

ኮራሁበት። ፈራሁለትም።

ግንቦት 7፣ ዓርብ

አምሀ መጣ! ከመጋቢት ወዲህ የመጀመሪያው። ውስጥ አልገባም፣ ደረጃው ላይ ቆሞ "ታፔላው ነገ ይመለስለታል" አለኝ።

"በምን?"

"አናገርኳቸው። አሁን ስናገር ይሰሙኛል።" በራሱ ቀልድ ሊስቅ ሞክሮ ተወው። "እኔ ነኝ እንዳትዪው።"

"ታዲያ ለኔ ለምን ነገርከኝ?"

"አንድ ሰው እንዲያውቅ ፈልጌ" አለ።

ግባ ልለው አሰብኩ። እስካስብ ሄዷል።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ

ታፔላው ተመለሰ። ሙዝደሊፋ መናኸሪያውን በወሬ አናወጠው። "ፈሩኝ! ዝም ብለህ ስትቆም ይፈራሉ!" ጠዋት ደበሌ ራሱ አምጥቶ ሰጠው ነበር ወሬው። ከሰዓት ይቅርታ ጠየቀው ሆነ። ሱቅ ስንዘጋ ደግሞ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። ነጂዎቹ ከበውት ይሰማሉ። አንዱ እንደውም ፖስተሩን ቀደደ።

እኔ እስቃለሁ። ምን ላድርግ?

ግንቦት 11፣ ማክሰኞ

ነገርኩት።

ሚሪንዳ እየጠጣ ለሀቢቡ ያንኑ ታሪክ ሲያወራ ቆየ። በታሪኩ አሁን ደበሌ እግሩ ላይ ወድቋል። ሀቢቡ ሲወጣ ጠብቄ "አምሀ ነው ያስመለሰልህ" አልኩት። ጠርሙሱን አስቀመጠ።

"ማን አለ?"

"ራሱ።"

"የፈሩኝ መስሎኝ..." አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። "ለምን ነገርሽኝ?"

"ወሬው እያደገ ሄደ። ያ ፖስተሩን የቀደደ ልጅ ነገ ታፔላውን ቢነጥቁት አምሀ የሚባል የለውም።"

ይህን ቀድሜ አላሰብኩትም ነበር። ሲወጣኝ ነው እውነት መሆኑን ያወቅሁት። ሙዝደሊፋ ግን መልሱን የሰማ አይመስለኝም። ባጃጁን አስነሥቶ፣ መብራቱን እንኳ ሳያበራ ሄደ።

ግንቦት 12፣ ረቡዕ

ታፔላውን ወስዶ ለደበሌ መለሰለት። ደበሌ ግራ ገብቶት "ምን ሆነሃል? ለጥፍ አላልንህ!" አለው አሉ። "በሰው ስም አልነዳም" ብሎት ወጣ።

ልክ ነው? እልኸኛ ነው? እኔ ምን አደረግሁ? ዝም ብል ይነዳ ነበር፣ እየሳቀ...

ኡሚ አኮረፈችኝ። የነገርኩት እኔ መሆኔን አውቃለች።

ግንቦት 16፣ እሁድ

ምርጫ። ተሰልፌ መረጥኩ። ሱቅ ዝግ። ከተማው ጭጭ።

ግንቦት 20፣ ሐሙስ

ሙዝደሊፋ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። መርካቶ አጎታችን ሸረፋ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አላቸው፤ እዚያ ሊሠራ። ባጃጁን ለታናሽ ወንድሙ ተወለት። ወንድሙ ታፔላ አለው። ፖስተርም።

በዓል ስለሆነ ሀቢቡ ሞንታርቦውን አደባባይ ተክሏል፣ ማርሹ እስከ መናኸሪያ ይሰማል። የአውቶቡሱ ረዳት የሙዝደሊፋን ሻንጣ ጣሪያ ላይ ሲሰቅል አምሀን አየሁት። ሻይ ቤቱ ጥግ ቆሟል። ሙዝደሊፋም አየው። ወደ እሱ የማይሄድ መስሎኝ ነበር። ሄደ።

ተከትዬ ደረስኩ። ተጨባበጡ።

"ሰገነት መጣች?"

"ማክሰኞ መጣች።"

"ደግ።"

ይኸው ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ሲገባ ወደኔ ጎንበስ ብሎ "ነግረሽኝ ባይሆን ኖሮ እዚህ እንደ ጀግና አረጅ ነበር" አለኝ። ምስጋና ነው ስድብ? እስካሁን አልገባኝም።

ሰኔ 15፣ ሰኞ

ረመዳን። ሱቅ ውስጥ ሙዚቃ አናጫውትም። ከድጄ የምትባል የኮሌጅ ተማሪ ቁርአን ልታስጭን መጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ፎልደሩን አየች። "ኖ ሪሲት ምንድን ነው?"

ዝም ልላት ነበር። ግን ነገርኳት። አልጠጣም ብሎ ስለጮኸው ልጅ ነገርኳት፣ በኋላ ስለኛ ምን እንዳለም ነገርኳት። ሁለቱንም፣ አንዱን ለሌላው ሳላሳንስ። ከበሮ መቺዋንም ጨመርኩ። አፏን ከፍታ ሰማችኝ።

"ታዲያ ልጫነው?"

"የራስሽ ጉዳይ ነው።"

አሰበች። "ከኢድ በኋላ" አለች።

ከሄደች በኋላ ገባኝ... እኔም መልሱን ያገኘሁት አሁን ነው። ዘፈኑን አላጠፋውም፣ ለብቻውም ለሰው አልሰጠውም። ከነ ሰውየው ነው የሚሰጠው። ይህን ለአምሀና ለሙዝደሊፋ ብነግራቸው ሁለቱም "አይ!" ይሉኝ ነበር። ናፈቁኝ።

ሐምሌ 10፣ ዓርብ

ኢድ። ቤቱ በሰው ሞላ። ከሰዓት አምሀ ሰገነትንና ልጁን ይዞ እንኳን አደረሳችሁ ሊል መጣ። እኔ ነኝ ኑ ያልኳቸው። ሰገነት ቀጭን ናት፣ ረጋ ያለች። ኡሚ ልጁን ከእጇ ነጥቃ ወደ ሴቶቹ ወሰደችው። ሀቢቡ አምሀን አቅፎ ጎኑ አስቀመጠው።

እየበላን ስልኬ ጮኸ። ሙዝደሊፋ። ኢድ ሙባረክ፣ ኢድ ሙባረክ። መርካቶ ዝናቡ ጉድ አፍልቷል፣ አጎቴ ሸረፋ ይጮሁብኛል፣ ቤት ተከራየሁ... ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ "ሰውየውስ እንዴት ነው?"

"የቱ ሰውዬ?"

"አትቀልጂ። ልጁ መሄድ ጀመረ?"

"ራስህ ጠይቀው" ብዬ ስልኩን ለአምሀ ሰጠሁት።

አምሀ እጁን በሱሪው ጠርጎ ተቀበለኝ። "ሃሎ... አዎ፣ ኢድ ሙባረክ... ግድግዳ ይዞ ይሄዳል።" ከዚያ ሲሰማ ቆየ። ከወዲያ ምን እንደሚባል አልሰማሁም። ሰገነት መብላት አቁማ ታየዋለች።

"ይቅርታ አልልህም" አለ አምሀ። "ሰገነት አጠገቤ ናት። እሷ ፊት ተጸጸትኩ ብልህ ውሸት ነው። ግን ደስ ብሎኝም አላነበብኩትም። ሁለቱንም እወቅልኝ።"

እንደገና አዳመጠ። "እሺ" አለ። "እሺ። እንደሱ ይሻላል።" ስልኩን መለሰልኝ፣ ተዘግቷል።

"ምን አለህ?"

"አሁንም ተሳስተሃል አለኝ። ለአረፋ እመጣለሁ፣ ፊት ለፊት እንጨቃጨቃለን፣ ተዘጋጅተህ ጠብቀኝ አለኝ።" ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አልለየሁትም።

ሰገነት ወደኔ ዞረች። "ስለ ምንድን ነው የምትጨቃጨቁት? ለኔ ነግሮኝ አያውቅም።"

አምሀ ሊመልስ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ እኔን አየና ተወው። ነገርኳት። ዘፈኑን፣ ዘፋኙን፣ አዳራሹን፣ ማይኩን ማን እንዳስጠጋለት፣ ታፔላውን፣ አውቶቡሱን። የትኛውንም አላለሳለስኩም። አምሀ ቁጭ ብሎ ሰማኝ። አንድም ቦታ ላይ አላቋረጠኝም።